ጃንሆይ፣ ማን ፈነከተዎት?

ኦልድ ካይሮ መጥቶ «ፒራሚዱ የት ነው?» የሚል ሀበሻ ካገኛችሁ ወደ ጊዛ ሸኙት፤ ወንዙን ተሻግሮ ነው። ወዲህ ያለው ሌላ ነው። ፉስጣጥ ላይ፣ በግብፅ ሥልጣኔ ብሔራዊ ሙዚየም ምድር ቤት፣ ነገሥታትና ንግሥታት በመስታወት ውስጥ ጋደም ብለዋል። ጎብኚው ዳግማዊ ራምሴስን ለማየት ይጋፋል። የዚህ ዓምድ ደንበኛ ግን የተፈነከቱት ንጉሥ ናቸው።

ሰቀነንሬ ታኦ ይባላሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550ዎቹ አካባቢ፣ ቴብስ ላይ ነግሠው ሂክሶስ ከሚባሉት የሰሜን ገዢዎች ጋር የተጣሉ ጃንሆይ ናቸው። ግንባራቸው ተሰንጥቋል፤ ጉንጫቸውም፣ የራስ ቅላቸው ሥርም እንዲሁ። አርኪዮሎጂስቱ ዛሂ ሐዋስና የራዲዮሎጂ ባለሙያዋ ሳሃር ሳሊም ሲቲ ስካን አንሥተዋቸው እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ የመቷቸው ብዙ ሰዎች በተለያየ መሣሪያ እንደሆኑ፣ እጃቸውም ታስሮ እንደነበር ገምተዋል።

«ጃንሆይ፣ ማን ነው እንዲህ ያደረገዎት?»

«ተረብ።»

እየቀለድኩ አይደለም። ግብፆች የጻፉት አንድ ጥንታዊ ተረት እንደሚለው፣ አቫሪስ ላይ የተቀመጠው የሂክሶስ ንጉሥ አፖፊስ ለሰቀነንሬ መልእክተኛ ላከ፦ ቴብስ ያሉት ጉማሬዎችህ ጩኸታቸው እንቅልፍ ነሥቶኛልና አስወግዳቸው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። አዲስ አበባ ተኝቶ «የጣና ጉማሬ አላስተኛ አለኝ» ማለት ነው! እንዲህ ያለ ነገረኛ ዛሬም ሞልቷል፤ ልዩነቱ የዛሬው መልእክተኛ አለመላኩ ነው፤ በስልክ ይጨርሳል። ተረቱ መሃሉ ላይ ተቋርጦ መጨረሻው ጠፍቷል፤ የጃንሆይ ግንባር ግን አልጠፋም።

አሁን ወደ አንጎሉ እንግባ። የግብፅ አስከሬን አድራቂዎች ልብን እንደ ንጉሥ አክብረው እቦታው ይተዉታል፤ አንጎልን ግን በአፍንጫ ቀዳዳ በሜንጦ እየጎለጎሉ ይጥሉታል። ማሰቢያው ልብ ነው ብለው ነዋ! የሰቀነንሬን ሳይነኩት ቀርተው፣ ደርቆ በራስ ቅላቸው ግራ በኩል ተጣብቆ ታይቷል። «አንጎል ሳይኖር ወንበር ላይ በክብር መቀመጥ የተጀመረው እዚያ ነዋ!» ያልከኝ አንባቢ፣ አንተን አልሰማሁም። ቢሮም አልጠራሁም፤ ስምም አልጠራሁም።

ይኸው አገር ግን፣ አንዱ እጁ አንጎል ሲጥል ሌላው እጁ ስለ አንጎል ይጽፍ ነበር። ኤድዊን ስሚዝ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1862 ሉክሶር ላይ የገዛው ፓፒረስ ከጃንሆይ ዘመን ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 1600 ይጠጋል። 48 ጉዳተኞች ተመዝግበውበታል፤ የመጀመሪያዎቹ 27ቱ ጭንቅላታቸውን የተመቱ ናቸው። አንጎል በጽሑፍ ስሙ የተጠራው መጀመሪያ እዚያ ነው ይባላል። የእኛ ነገሥታት ለብዙ መቶ ዓመታት ከካይሮ ጳጳስ ሲያስመጡ ኖሩ፤ ጳጳስ ስናስመጣ፣ ፓፒረስ ሳናስመጣ! ለነገሩ ግብፆችም አላስቀሩትም፤ ዛሬ ያለው ኒውዮርክ ነው።

ሃያኛውን ጉዳተኛ ጠጋ ብለን እንየው። ጆሮ ግንዱ አካባቢ ተመትቶ አጥንቱ ተበስቷል። ሐኪሙ ምን እንደሚሰማው ይጠይቀዋል፤ አይመልስም። እንባው ይወርዳል፣ በእጁ ጀርባ ይጠርገዋል፤ መጥረጉን ግን አያውቀውም። ጸሐፊው ይህን ሁሉ መዝግቧል። በቃ፣ ያየውን ጻፈ። «እብሪተኛ ነው፣ አናግሬው ዘጋኝ» አላለም። «ምን ያስለቅሰዋል፣ ወንድ አይደለም እንዴ?» አላለም። ፓሪስ ላይ ፖል ብሮካ ንግግር ያጣ በሽተኛ አንጎል መርምሮ ቃል የሚያወጣውን ቦታ በግራ ግንባር በኩል ሲያሳይ እ.ኤ.አ. 1861 ነበር። ጆሮ ግንድና አንደበት መገናኘታቸውን የጥንቱ ግብፅ ሐኪም ከ3 ሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ አይቶታል፤ ለምን እንደተገናኙ ባያውቅም።

የሚታከሙት ቁስለኞች ሕክምናስ? መጀመሪያ ቀን ጥሬ ሥጋ ቁስሉ ላይ፣ ከዚያ ቅባትና ማር። አናቱ ላይ ቅቤ የሚያቀልጠው የእኛ ሰው «ዘመዶቼ!» ማለቱ አይቀርም። ቢሆንም ፓፒረሱ አንድ የሚያስቀና ጨዋነት አለው። ሐኪሙ ምርመራውን ሲጨርስ ከሦስት አንዱን ይፈርዳል፦ የማክመው ነው፣ የምታገለው ነው፣ ወይም የማይታከም ነው። «ሳምንት ተመለስና እናያለን» የሚል አራተኛ ፍርድ የለውም።

ከፓፒረሱ ወደ ፉስጣጥ እንመለስ። የግብፅ ገዢ አሕመድ ኢብን ጡሉን እ.ኤ.አ. በ870ዎቹ ፉስጣጥ አጠገብ ሆስፒታል ሠራ፤ አእምሮአቸው የታወከ ሰዎችም ይገቡበት ነበር። በሽተኛ ሲገባ ልብሱንና ገንዘቡን ያስረክባል፤ አንድ ዶሮና አንድ ዳቦ መብላት ሲችል ድነሃል ተብሎ ይወጣል። ለእኛ ሰው ይህ ፈተና አይሆንም፤ ሲታመምም ይበላታል። ታሪክ ጸሐፊው አል ማቅሪዚ እንደሚተርከው ኢብን ጡሉን በየዓርቡ እየሄደ በሽተኞቹን ይጠይቅ ነበር። አንድ ቀን አንዱ የታወከ ሰው ሮማን ለመነው፤ አስመጥቶ ሰጠው። ሰውየው ሮማኑን አገላብጦ አየና ደረቱ ላይ ወረወረበት። ገዢው ከዚያ ቀን ወዲያ እግሩን አላነሣም። ከሁለቱ ማን ታመመ? አንዱ ራሱን መግታት ያቃተው በሽተኛ፣ ሌላው በአንዲት ሮማን ያኮረፈ ገዢ!

ሳቁ እዚህ ላይ ትንሽ ይረገብ። የሮማኑን ሰውዬ ሕመም ዛሬ መመርመር አይቻልም፤ አመሉን የምናውቀው ግን ከየሰፈራችን ነው። ከግንባር አጥንት ኋላ ያለው የአንጎል ክፍል ልጓም ነው፤ «ይህን አትበል፣ ይህን አትወርውር፣ ጠብቅ» የሚል። እሱ ሲጎዳ ሰውየው ሊያወራ፣ ሊቆጥር፣ የሰውን ስም ሊያስታውስ ይችላል፤ ልጓሙ ግን የለም። አሜሪካዊው የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ፊኒየስ ጌጅ እ.ኤ.አ. በ1848 ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ብረት በግራ ጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣበት። ተርፎ ተነሣ፤ ወዳጆቹ ግን የሚያውቁትን ጌጅ አጡት፤ ጨዋው ሰው ተሳዳቢ፣ የጀመረውን የማይጨርስ ሆነ። ሁሉ ነገር በዚያ አላበቃም፤ ኋላ ቺሊ ሄዶ ዓመታት የፈረስ ሠረገላ ነድቷል። ሥራና ሥርዓት ያለው ኑሮ ልጓሙን መልሶለታል ብለው የሚከራከሩ አሉ።

እኛስ? ባጃጅ ገልብጦት የተረፈ፣ ሠርግ ላይ ሽመል አናቱ ላይ ያረፈበት፣ ከፎቅ ግንባታ ርብራብ ላይ የወደቀ ልጅ ከሆስፒታል ወጥቶ ሲነጫነጭ፣ ሲረሳ፣ ሚስቱን ሲያመናጭቅ ምን እንለዋለን? «ፊውዙ ተቃጥሏል።» «ብሎኑ ላልቷል።» «ኔትወርክ የለውም።» እሺ፣ ተረብ ያውቁበታል! መካኒክ ሞልቶ ሐኪም ጠፋ እንጂ። ቤተሰብ ደግሞ «ቁስሉ ድኗል፣ ጠባዩ ነው የከፋው» ይላል። ወገኖቼ፣ ጠባዩ ነው እኮ ቁስሉ! ፋሻው የተፈታው ከቆዳው ላይ ነው። ቀላል በሚባል ግጭት ደግሞ ሲቲ ስካኑ ንጹሕ ሆኖ ሰውየው ለሳምንታት ሊረሳ፣ ብርሃንና ጫጫታ ሊያስመርረው ይችላል። «ፎቶው ምንም የለው፣ ሲያስመስል ነው» የሚል ዘመድ ካለ፣ እሱን አስቀድማችሁ አስመርምሩት።

በጥቁር አንበሳ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከጃንሆይ ግንባር እስከዚያ ስንት ዘመን እንደሆነ አስሉት። ቀዶ ሐኪሙ ደም ያወጣል፤ የጠፋ ትዕግሥት ግን በመቀስ አይወጣም። ያንን የሚለካ፣ የሚያለማምድ፣ ቤተሰብን የሚያስተምር ሌላ ባለሙያ ይፈልጋል፤ እሱን ማፍራት ላይ ገና ነን።

ኤፕሪል 3 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ካይሮ ሙሚያዎቿን ከታሕሪር ወደ ፉስጣጥ ስታዛውር ሰልፉን የመሩት ሰቀነንሬ ነበሩ። መኪናው በወርቅማ ቀለም የተዋበ፣ መንገዱ የተደለደለ፣ ንዝረት እንዳይነካቸው መከላከያ የተገጠመለት። ሦስት ሺህ አምስት መቶ ዓመት የሞተ ራስ እንዲህ ይጠበቃል። አንተ ሞተረኛው ወንድሜ ደግሞ በሕይወት አለህ፤ ሄልሜትህን ክንድህ ላይ አንጠልጥለህ ትበራለህ። ትራፊክ ፖሊስ ስታይ ብቻ ነው የምታጠልቀው፤ የሚመታህ ፖሊሱ ይመስል! ክንድህ ቢሰበር ጄሶ አለ። ስለዚህ ሄልሜቷን አናትህ ላይ አድርጋት፣ ማሰሪያዋንም ቆልፍ። የተመታ ሰው ደጋግሞ ካስመለሰው፣ እንቅልፍ ከጫነው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ራሱን ከሳተ «ይተኛ፣ ይሻለዋል» አትበሉ፤ በዚያችው ሰዓት ሆስፒታል ውሰዱት።