ዋንዛው ደጅ፣ ፎቶው ወለል

ሚዛን አማን ከተማ ገበያ ውስጥ እንጨት መሳዩን የላስቲክ ምንጣፍ አይቶ ያላደነቀ ሰው ሥልጣኔ ገና አልገባውም። ሻጩ ጥቅሉን ሲዘረጋው ጣውላው፣ የጣውላው መጋጠሚያ፣ ጉጡ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዛፉ የየት አገር እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ዋንዛም ቀረሮም አለመሆኑ ግን ያስታውቃል፤ የእኛ ዛፍ ፎቶ ለመነሳት አልታደለም።

ይህ የሚሆነው የት መሰላችሁ? በአንድ በኩል የቤበቃ ቡና እርሻ፣ በሌላ በኩል የቴፒ ቡና እርሻ፣ ወደ ሸካ ዘለቅ ሲሉ ደግሞ ዩኔስኮ በ2012 እ.ኤ.አ. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የመዘገበው ጫካ ባለበት አገር! ቡናችን የሚያድገው በዋንዛ ጥላ ሥር ነው። የጌሻ ቡና ዘር ከዚሁ ከቤንች ጫካ ወጥቶ ፓናማ ገባ፤ በ2004 እ.ኤ.አ. በጨረታ የወጣለት ዋጋ ዓለምን አጃኢብ አሰኘ። ጫካችን ዘሩን ሸኝቶ በምላሹ የሌላ ጫካ ፎቶ በሜትር ተቀበለ። ፍትሐዊ ንግድ ይሏችኋል ይኼ ነው።

«ሕግ አክብረን ነው» የሚሉም አይጠፉም። እውነት አላቸው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፣ ጥድን፣ ዝግባንና ዋንዛን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር፤ ፎቷቸው ላይ መራመድን ግን አልከለከለም። ዛፉ ለበርና ለአልጋ ሲጋደም አዋጁን ማን እንደሚያስታውሰው አላውቅም። ወለል ላይ ሲደርስ ግን ሁላችንም ደን ጠባቂዎች ነን።

እናቶቻችን በእበት የለቀለቁት ወለል ኋላ ቀር ነበር። ሲቆሽሽ ይለቀለቃል፣ ይደርቃል፣ በቃ። ላስቲኩ ግን ዘመናዊ ነውና ሥርዓት አለው። ከሥሩ ያለው አፈር በዚህ ሁሉ ዝናብ ሲረጥብ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ እዚያው ይሻግታል፤ ጥጉን ገለጥ ያደረገ ሰው አፍንጫውን ይይዛል። ከላይ ግን ያብረቀርቃል። አሮጊት እንግዳ ደጃፍ ላይ ሲደርሱ «እማማ፣ ይቅርታ፣ ጫማዎን ያውልቁልን» ይባላሉ። ለጣውላ ፎቶ!

ቡና ሲፈላ ደግሞ ፍም ይወድቃል። እበት ላይ የወደቀ ፍም እዚያው ከስሎ ይቀራል፤ ላስቲክ ላይ የወደቀው ጣውላውን በልቶ አፈሩን ያሳያል። ዕጣኑና የተቃጠለው ላስቲክ አንድ ላይ ያውዳሉ። የቤቱ እመቤት አትደነግጥም። ቀዳዳው ላይ የፕላስቲክ ቄጤማ ታነጥፍና ረከቦቱን ታስቀምጥበታለች። እውነተኛው ቄጤማ ከጓሮ ረግረግ በነፃ ይታጨዳል፤ ግን ይጠወልጋላ! ዓመቱን ሙሉ በሚለመልም አገር ለምለም ነገር እንዳይቸግረን ከውጭ ማስመጣታችን አርቆ አሳቢነት ነው።

ከሁሉ የምሰግድላቸው ግን እውነተኛ የዋንዛ ጣውላ ወለል እያላቸው የጣውላ ፎቶ ያነጠፉበት ጌቶች ናቸው። ለእነሱ አንድ ምክር አለኝ፤ ላስቲኩ ሲያረጅ ሌላ አትግዙ። ጣውላውን በዘይት ቀለም ድፍን አድርጋችሁ ቀቡት። ሲደርቅ ካርቶን በጉጥ ቅርጽ ቅደዱና በቀዳዳው በኩል ቡናማ ቀለም በስፖንጅ ጠቅ ጠቅ እያደረጋችሁ እንጨት አስመስሉት። ስፖንጁን ብዙ አትንከሩ፤ ቀለሙ ከካርቶኑ ሥር ሾልኮ ጉጡን ያበላሸዋል። በየዓመቱ ማደስም አትርሱ፤ ቅቡ ከተላጠ ዋንዛው ከሥር ብቅ ይልና እንግዳ ፊት ያሳፍራችኋል።