የዘፈኗ አርባ

ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም. «የገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ?» የምትለው ዘፈን አርባ ዓመት ሞላት። ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር ደርሰዋት፣ ለንደን ላይ ኅዳር 16 ቀን 1977 ዓ.ም. ተቀረጸች። ሰበቧ እኛ ነን። ጥቅምት 13 ቢቢሲ ከኮረም ያሳየው ረሃብ ነው ዘፋኞቹን የቀሰቀሳቸው። ያኔ ዋግ ከወሎ አውራጃዎች አንዱ ነበር፤ የእኛም ሰው እህል ፍለጋ ወደ ኮረም በእግሩ ይጓዝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዘፈኗ ዓመት በቆጠረች ቁጥር እንደገና ትዘፈናለች፤ አዋቂዎችም ተቀምጠው የትኛው ቅጂ እንደሚበልጥ ደረጃ ያወጣሉ። የተዘፈነለትን ሰው የጠየቀ ስለሌለ፣ እኔ የዋጉ ልጅ ሳልጠየቅ ድምፄን ልስጥ።

አንደኛ፣ የ1977ቷ። ዋግን «ገናን ታውቃለህ?» ማለት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ከዓለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ዘፈኗ ሳትወለድ ብዙ ገና አሳልፏል። ጎረቤታችን ላሊበላም ታኅሣሥ 29 ገናን ከንጉሡ ልደት ጋር ደርቦ ያከብራል። የእኛ ገና ሲደርስ ግን ዘፈኗ ከሬዲዮ ወርዳለች። ወንዝ የለም ብላም አዝናልናለች፤ ተከዜ እንግሊዝኛ ስለማይሰማ ዛሬም ይፈሳል።

ሁለተኛ፣ የ1982ቷ። ያችኑ ጥያቄ ደገመች፤ መልሱን ያዳመጠ አልነበረም ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ የ1997ቷ። የዚህችኛዋ ገንዘብ ለዳርፉር ነበር። ሙስሊሙን የዳርፉር ሰው ስለ ገና መጠየቅ ድፍረት ይጠይቃልና፣ ለድፍረቷ የነሐስ ሜዳሊያ ይገባታል።

አራተኛ፣ የ2007ቷ። ተራው የምዕራብ አፍሪካ የኢቦላ በሽተኛ ሆነና እሱም ስለ ገና ተጠየቀ።

አምስተኛ፣ የ2017ቷ። የቀድሞዎቹ ድምፆች ተቀላቅለው ቀረቡ። ዘፋኙ ኤድ ሺራን «ድምፄን ሳያስፈቅዱኝ» ብሎ ቅር ተሰኘ። እውነቱን ነው፤ እኛን ግን ለሥዕላችን ያስፈቀደን ማን ነበር?

የተሰበሰበው ገንዘብ እህልና መድኃኒት ሆኖ ነፍስ አትርፏል፤ ይህን የሚክድ ግፈኛ ነው። ነገር ግን በአገራችን አርባ ሲባል ወይ ክርስትና ነው፣ ወይ የሟች አርባ። ክርስትና ከሆነ ሕፃኑ የታል? የሟች ከሆነ ደግሞ፣ ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብሎ አልቃሾቹን «ይቺ በዜማ ትበልጣለች፣ ያቺ ደረቷን ስትደቃ ታምራለች» እያለ ነጥብ የሚሰጥ ለቀስተኛ አይተን አናውቅም። አሁን ግን እኛም ብንሆን ደረጃ ማውጣቱን ለምደነዋል፤ ነገ አንዱ ኤፍኤም የጥላሁን ገሠሠን የረሃብ ዘፈን «ዋይ ዋይ ሲሉ»ን ከፍቅር ዘፈን ጋር አሰልፎ «በአጭር መልእክት ድምፅ ስጡ» ቢለን አይግረማችሁ። ሟቾቹ መቼም ድምፅ አይሰጡም።

የልደት አምሮት ላለበት ሰው ግን ሌላ ልደት ልጠቁም። በዚያው በ2007 ዓ.ም.፣ ዘፈኗ ስለ ኢቦላ በተዘፈነችበት ዓመት፣ መንግሥት በከተማችን ስም ቃል ገባ። «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ይባላል፤ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር ጨርሶ ለማጥፋት ነው። ከዚያ ወዲህ የሰሜኑ ጦርነት የአበርገሌንና የጻግብጂን ሰው ከቀዬው አፈናቀለ፤ ድርቁም ተመላለሰብን። ቃሉ አሥር ዓመት ሲሞላው «ከቃል ኪዳኖች ሁሉ ስንተኛ ወጣ?» ብሎ የተከራከረ አዋቂ ግን አልሰማሁም። ዜማ የለውማ!

እናንተ ደረጃ አውጪዎች፣ አንድ ቀን መዝግቡልኝ። የቃሉ ቀነ ገደብ 2022 ዓ.ም. ነው፤ ዘፈኗ ሃምሳ ሊሞላት አምስት ዓመት ሲቀራት።