ለክቡር አቶ ኬ፤ ባሉበት

ጉዳዩ፦ «እሺ»ን ያለ ማስጠንቀቂያ ከሥራ ማሰናበትዎን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ በቀር ደህና ነኝ።

ሰላምታ ማስቀደሜን ጊዜ እንደማባከን እንደሚቆጥሩብኝ አውቃለሁ። ምን ላድርግ፣ ያደግኩት ሰላምታው ከጉዳዩ በሚረዝምበት ቤት ነው። እናቴ ርቆ ለሚኖር ዘመድ ደብዳቤ ስታስጽፈኝ የወረቀቱ ፊት በሙሉ በ«እንደምን አላችሁ» ያልቅና ዋናው ወሬ፣ ላሟ መውለዷ ወይም የጎረቤት ልጅ መዳሯ፣ ከጀርባው ግርጌ ተጣቦ ይቀመጥ ነበር። አንዳንዴም ቦታ አጥቶ ለሚቀጥለው ደብዳቤ ይተላለፋል። ላሟ እስከዚያ ድረስ ሁለተኛ ትወልዳለች።

እርስዎን በቅርብ ያወቅኩዎት ባለፈው ወር ነው። የአባቴ ሙት ዓመት ደርሶ ሽር ጉድ ስንል ለወንድሜ ልጅ በቴሌግራም ረዘም ያለ መልእክት ላክሁለት። ድንኳኑ ዓርብ ከሰዓት ይተከል፤ ወንበሩንና ብረት ድስቱን ከእድሩ ዕቃ ቤት ቆጥረህ ተረከብ፤ የንስሐ አባታችንን ሰዓቱን አስታውሳቸው፤ አያትህን ጉልበቷን እያመማት ስለሆነ ጠዋት መጥተህ ቤተ ክርስቲያን አድርሳት። በመጨረሻ «አደራ» አልኩት። ስልኬ ወዲያው ጮኸ። ከፈትኩት። እርስዎ ብቻዎን ቆመዋል። አራት ነጥብ እንኳ አላጀበዎትም።

አጠገቤ ሽንኩርት የምትከትፈው እናቴ «ምን አለ?» አለችኝ።

«ኬ አለ።»

«ኬ ምንድን ነው?»

«እሺ ማለት ነው፣ እማዬ።»

ቢላዋውን አስቀመጠች። «ታዲያ እሺ ማለት አቅቶት ነው? ልጁን አሞታል እንዴ?»

ክቡርነትዎ፣ እስቲ ሒሳብ እንተሳሰብ። «እሺ» ሁለት ፊደል ነው። እርስዎ አንድ ነዎት። ያተረፉልን ነገር አንድ ፊደል ነው ማለት ነው። ለዚህች አንድ ፊደል ደግሞ ያስከፈሉን ብዙ ነው። እሺ ብቻዋን የምትኖር ቃል አይደለችም፤ ቤተሰብ አላት። «እሺ ጋሼ» አክብሮት ነው። «እሺ አልኩ እኮ» ኩርፊያ ነው። «እሺ፣ እሺ» ተብሎ ቶሎ ቶሎ ሲደገም ደግሞ አላደርገውም ማለት መሆኑን ማንም አማርኛ የሚችል ሰው ያውቃል። «እሺ ነገ»ን እንኳ እመርቀዋለሁ፤ ግማሽ ዕድሜያችንን በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ያቆመን እሱ ቢሆንም ቢያንስ ቀን ቆርጦ ይዋሻል። እርስዎ ተስማሙ፣ ተቆጡ፣ ሰለቸዎት፣ አነበቡ፣ አላነበቡ፣ ምኑም አይታወቅም። የላቲን ሆሄ ቢሆኑም በእኛ የፊደል ገበታ ላይም ቤት አለዎት፣ የ«ከ» ቤት አምስተኛው ልጅ ነዎት፤ ነገር ግን ላ ካልተጨመረልዎ ኬላ፣ ሻ ካልተጨመረልዎ ኬሻ አይሆኑም።

በማግስቱ የባሰው መጣ። የድንኳኑን ቀብድ ልጁ በቀጥታ ለአከራዩ ሊያስገባለት ተስማምተን ነበርና «ብሩስ?» ብዬ ጠየቅሁት። በላቲን ሦስት ሆሄ ላከልኝ፦ ኤም፣ ቲ፣ ኤ። «መጣ» ብዬ አነበብኩ። ደስ ብሎኝ ለአከራዩ ደወልኩና «ብሩ መጥቶልሃል» አልኩት። ሰውየው አካውንቱን አየ፤ የመጣ የለም። በዚህ ዕድሜዬ በስልክ ውሸታም ተባልኩ፤ ድንኳኑም ለሌላ ሰው ሊሰጥ ለጥቂት ተረፈ። ለካ ልጁ ያለው «ማታ» ነው። ማታ አስገባለሁ ማለቱ ነበር።

እነዚያ ሦስት ሆሄያት ውስጥ ማታ አለ፣ መጣ አለ፣ መታ አለ፣ ምታም አለ። ጠና ተ አንድ ልብስ ለብሰው ማን ይለያቸዋል? ሲገርመኝ የሰነበተው ግን ይህ አይደለም። «ማታ» በፊደላችን ሁለት ሆሄ ነው፤ ልጁ ለማሳጠር ብሎ ሦስት ጻፈ! ሰላምንም እንዲሁ ይመልከቷት። በፊደል ሦስት ናት። በላቲን ስትጻፍ አምስት ትሆናለች። አምስቱ ይረዝምብንና አናባቢዎቹን እናወጣላታለን፤ ተመልሳ ሦስት ትሆናለች። ከቤቷ ወጥታ፣ ዞራ ዞራ፣ አንጀቷን አስወጥታ ወደዚያው ቁጥር ተመለሰች። ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ሆሄ የሚያስር ስለሆነ ከመጀመሪያውም አጭር ነበር። መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ ይህን አልክድም፣ «አለ»ና «ገና» ላይ ስንት ጊዜ ተደናብረናል። በዚህ ላይ ግን ላቲኑም ብዙ አልረዳን።

እውነት ለመናገር ልማዱ ያለ ምክንያት አልመጣም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያም በኋላ ለዓመታት እጃችን ላይ የነበሩት ባለ ቁልፍ ስልኮች አማርኛ ሲመጣላቸው ባዶ ሳጥን ይደረድሩ ነበር። የሚያነብ ስልክ ቢገኝ እንኳ በአንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት በላቲን 160 ሆሄ ሲገባ በእኛ የሚገባው 70 ነው፤ ከዚያ ካለፈ መልእክቱ ይከፈላል። ያኔ በላቲን የጻፈ ሰው ለኪሱ አዝኖ ነው። ዛሬ ቴሌግራም በሆሄ አያስከፍልም፤ የልጁም ስልክ የአማርኛ ኪቦርድ አለው። አለው የምለው እኔው ራሴ ስለጫንኩለት ነው።

አሳጠረ ብዬ ማንንም አልከስም። አባቶቻችንም ያሳጥሩ ነበር፤ ወ/ሮ፣ ት/ቤት፣ ገ/ማርያም። ግን እዝባሯን ጣል ያደርጉ ነበር፤ እዚህ ጋ የጎደለ አለ፣ ስታነብ ሙላው ለማለት። አንባቢውም ይሞላል። «ወ እዝባር ሮ» ብሎ የጠራት ሰው የለም፤ ወይዘሮ ትባላለች። የእርስዎ ዘመዶች ግን እንደዚህ ያለ ጨዋነት አልፈጠረባቸውም። ሠፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ከፎቶው ሥር «አር አይ ፒ» ብለው ይሰለፋሉ። ነፍስ ይማር ስድስት ፊደል ነው። ከሟች ላይ ሦስት ፊደል የቆጠበ ሰው ምን ሊሠራበት ይሆን?

እኔም ንጹሕ አይደለሁም፤ ከሳሽ ነኝና ልናገረው። በመሥሪያ ቤቴ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። ባለፈው ሰኞ «በጉዳዩ ላይ ውይይት እየተደረገ ያለበት ሁኔታ ነው ያለው» ብዬ ጻፍኩ። እየተወያየን ነው ማለት ነው። «ሁኔታ» የሚባለው ቃል ባይኖር ቃለ ጉባኤው በግማሽ ገጽ ያልቅ ነበር፤ እንዲያውም ስብሰባው ራሱ ከምሳ በፊት ያልቅ ነበር። በዚያው ቀን ከሰዓት እህቴ ከዱባይ «እማዬ እንዴት ዋለች?» ብላ ጻፈችልኝ። በላቲን ሁለት ሆሄ መለስኩላት፦ ዲ፣ ኤን። ደህና ለማለት። ለአለቃዬ ያልሰሰትኩትን ትንፋሽ ከእህቴ ላይ ቆጠብኩ። እሷ ደንግጣ ደወለች፤ ሁለቱን ሆሄ «ደነዘዘች» ብላ አንብባቸዋለች።

ስለዚህ ጥያቄዬ አጭር ነው። ከአገር ይውጡ አልልም። በኪሎ ሜትርና በኪሎ ግራም ላይ የተከበረ ኑሮ አለዎት፤ እዚያው ይቆዩልን። ከአደራ በታች ግን ብቻዎን አይቁሙ። እሺም ወደ ሥራ መደቧ ትመለስ፤ ውዝፍ ደመወዟ ይቅር፣ እሷ እሺ ትላለች።

ከሰላምታ ጋር
(የማይነበብ ፊርማ)

ግልባጭ፦

ለወንድሜ ልጅ፦ አያትህ ሐሙስ ጠዋት የሐኪም ቀጠሮ አላት፤ አንተ ነህ የምትወስዳት። ሁለት ፊደል እጠብቃለሁ።

ለድንኳን አከራዩ፦ ቀሪው ሒሳብ ማታ ይገባል። ማታ።