የጃንዋሪ 1 ልጆች

የጎንደር እናቶች እንዴት ያሉ ሥርዓት አክባሪዎች ነበሩ! በእስራኤል፣ በነታንያ ከተማ በኪርያት ኖርዳው ሰፈር ያሉትን ከጎንደር የመጡ አረጋውያን ተዑዳት ዜሁት (መታወቂያ) ብታዩ የትውልድ ቀኑ ጃንዋሪ 1 የሆነ ሞልቷል። በእኛ ታኅሣሥ 23 መሆኑ ነው። አጨዳና ውቂያውን ጥለው፣ ምጣቸውን ቀጥረው፣ ለፈረንጅ አዲስ ዓመት አደረሱልን።

እርግጥ ከአረጋውያኑ አንዷ እማማ መቼ እንደተወለዱ ሲጠየቁ «ጣልያን በገባ በዓመቱ፣ ጤፍ ሲታጨድ» ነበር ያሉት። ቅጹ ግን የቀን፣ የወርና የዓመት እንጂ የጤፍ ሣጥን የለውም፤ ባዶ ከተተወ ደግሞ ኮምፒውተሩ አላሳልፍም ይላል። እንግዲህ ጃንዋሪ 1 ይሁን።

ይሁን ባልን ነበር። አንድ ሊቅ ፕሮግራመር ግን በዚህች የፈጠራ ቀን ላይ ቤት ሠራባት፤ የፋይል ቁጥር የሚያወጣው ከእሷ ነው። ቀን፣ ወር፣ ከዓመቱም የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች፦ 010137። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፤ ቅጹ ሌላ አያውቅም።) 19ኙ ቦታ ይፈጃልና ተቆጠበ። ስለዚህ እማማ በጃንዋሪ 1፣ 2037 ከምትወለደው የልጅ ልጃቸው ልጅ ጋር አንድ ፋይል ይካፈላሉ፤ እስከዚያው ከጎረቤቶቻቸው ጋር ይለማመዳሉ።

መንግሥት እንኳ ከዚህ ተጠንቅቋል። የእስራኤል የመታወቂያ ቁጥር 9 አኃዝ ነው፤ የመጨረሻው ስሕተት መያዣ ሲሆን ስለ ባለቤቱ ልደት ግን አንዳች አይተነፍስም። ፕሮግራመራችን ወሬ የማያወራ ቁጥር አይወድም።

ቀን የግድ ካማረውም አይሶ 8601 የሚባል ዓለም አቀፍ ደንብ ከ1988 ጀምሮ አለ፦ ዓመት በአራት አኃዝ፣ ከዚያ ወር፣ ከዚያ ቀን። እንዲህ የተሰየመ ፋይል በስሙ ሲደረደር በዘመኑም ይደረደራል። የእኛ ሰው ግን ቀን ያስቀድማል፤ የ1937ቷ እማማና የ1984ቱ ጎልማሳ ወር በገባ በአንድ ተወልደዋልና ትከሻ ለትከሻ ይቀመጣሉ። ሶፍትዌሩ የአሜሪካ ከሆነማ 03/04 ማርች ይሁን ኤፕሪል ጠንቋይ ይጠየቅ።

በጳጉሜን የተወለደስ? 13ኛ ወር ብትሉት ፕሮግራመሩ ይስቅባችኋል። የሚስቀውም በ19 ዓመት ውስጥ 7 ጊዜ አዳር የሚባለው የዕብራውያን ወር ሁለቴ በሚመጣበት አገር ተቀምጦ ነው።

ለቅጹ የሚመቹት በሜይ 1991፣ በዘመቻ ሰሎሞን ጊዜ፣ ወደ እስራኤል ሲበሩ አውሮፕላን ውስጥ የተወለዱት ሕፃናት ሳይሆኑ አይቀሩም። ቀናቸውን አብራሪው ሳይቀር ይመሰክራል። እነሱን የሚጠብቃቸው ቀጣዩ ሣጥን ነው፦ የትውልድ ከተማ፣ ከዝርዝሩ ይምረጡ።