ይድረስ ለክለባችን የትኬት መስኮት

ጉዳዩ፦ የ9 ዓመት ልጅ አባት መሆኔን ስለማሳወቅ

ለተከበረው የክለባችን ትኬት ሽያጭ ክፍል፣

እኔ መስኮታችሁ ላይ ከቆምንበት ሐሙስ ወዲህ ደህና ነኝ፤ ልጄም ደህና ነው። «ልጄ» ስል ጉዳዩ በእናንተ በኩል ገና ተጣርቶ እንዳላለቀ ዘንግቼው አይደለም፤ ለአጻጻፍ እንዲመቸኝ ብቻ ነው።

የክለባችንን ስም አልጠራም። እናንተ ታውቁታላችሁ፣ እኔም በዓመት ትኬቴ ላይ ተጽፎ አነበዋለሁ። ለሌላው አንባቢ በእንግሊዝ ሁለተኛው ሊግ፣ ሻምፒዮንሺፕ በሚሉት፣ ከሚጫወቱት 24 ክለቦች አንዱ ነው ካልኩ ይበቃል። በዚያ ሊግ እያንዳንዱ ክለብ 46 ጨዋታ ያደርጋል፤ ሃያ አንደኛ የወጣ ይተርፋል፣ ሃያ ሁለተኛ የወጣ ይወርዳል። እኛ ከጥር ጀምሮ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስንዋልል ከርመን የመጨረሻዋ ቅዳሜ ላይ ደረስን።

ልጄ ያንን ጨዋታ ካላየሁ ብሎ ያዘኝ። የዓመት ትኬት ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ ለሁለት የሚሆን አቅም የለኝም። ግን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች 5 ፓውንድ ብላችሁ ለጥፋችኋል፣ «ከወላጅ ጋር» የምትል ቃልም ከሥሩ አለች። ወላጅ ነኝ። 5 ፓውንድም አለኝ። ምን ይጎድላል ብዬ ሐሙስ ዕለት ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ ተቀብዬው፣ የክለቡን ሻርፕ እንደጠመጠመ ይዤው መጣሁ። ሌሊት መጋዘን ውስጥ ስሠራ አድሬ ሦስት ሰዓት ብቻ እንደተኛሁ የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ ሳይሆን ትዕግሥቴ ከየት እንደተቀነሰ እንዲገባችሁ ነው።

መስኮቷ ላይ የነበረችው ልጅ ትሑት ነበረች፤ ይህን አልደብቅም። ካርዴን አየች፣ የልጁን ስም ጠየቀች፣ ፊደል በፊደል ነገርኳት። ጻፈች። ከዚያ ጣቷ ኪቦርዱ ላይ ቆመ።

«የቤተሰብ ስማችሁ አይገጥምም» አለችኝ።

አይገጥምም። እንዴት ብሎ ይገጥማል? የልጄ ሁለተኛ ስም የእኔ የመጀመሪያ ስም ነው። የእኔ ሁለተኛ ስም የአባቴ ነው። በእኛ ዘንድ ሰው በአባቱ ስም ይጠራል እንጂ ለዘር የሚተላለፍ ስም የለውም። የልጄና የእኔ ሁለተኛ ስም አንድ ቢሆን ኖሮ ነበር መጠርጠር፤ ያኔ ወንድሜ ነው ማለት ነው። ይህንን በመስታወቷ ቀዳዳ በኩል፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ በእንግሊዝኛ አስረዳሁ። ከኋላዬ አሥራ አምስት የሚሆን ሰው ተሰልፏል። አባቴን ጠራሁ፣ አያቴን ጠራሁ፤ ቅድመ አያቴ ላይ ስደርስ ከሰልፉ ውስጥ አንዱ ሳቀ።

«የልደት ምስክር ወረቀት አለህ?» አለች።

አለኝ። ልጁን እየጎተትኩ በአውቶቡስ ቤት ሄጄ አመጣሁ። አየችውና አዘነች። በዚህ አገር የልደት ወረቀት ሁለት ዓይነት ነው ለካ፤ አጭሩ ልጁ መቼና የት እንደተወለደ ይናገራል እንጂ ከማን እንደተወለደ አይናገርም። እኔ ያመጣሁት አጭሩን ነው። ረጅሙ ሻንጣ ውስጥ፣ ከክትባት ካርዱ ጋር፣ ከጋቢው ሥር ነው። እንደገና በአውቶቡስ ሄድን። ስንመለስ መስኮቷ ልትዘጋ ሃያ ደቂቃ ቀርቷታል። ከፌርማታው ጀምሮ ሮጥን፤ ልጁ በመንገድ ላይ «አባዬ፣ ትኬት ልንገዛ ነው አይደል?» አለኝ፤ ሌላ ነገር ልንሠራ የምንሄድ መስሎት ይሆናል።

በዚህ ጊዜ የክፍሉ ኃላፊ መጡ። ረጅሙን ወረቀት ዘረጉት። የአባት ስም የሚል ቦታ አለው፣ ስሜ ሰፍሮበታል። እሳቸው ግን ከመንጃ ፈቃዴ ጋር አስተያዩትና በጣታቸው አሳዩኝ፤ በአንዱ ሁለት «ኤስ»፣ በሌላው አንድ «ኤስ»። ስሜ በሳባ ፊደል ሲጻፍ እንዲህ ያለ ጣጣ እንደሌለበት ልነግራቸው አስቤ ተውኩት። ጎን ያለውን በር ከፍተው ወጡ። ልጄ ፊት ጎንበስ አሉና «ይሄን ሰውዬ ታውቀዋለህ?» ብለው ጠየቁት።

ይሄን ሰውዬ።

እዚህ ላይ ደብዳቤዬን ለሁለት ቀን አቁሜ ነበር። ልጄን ነው የጠየቀው። በአሥራ አምስት ሰው ፊት፣ ሻርፑን እንደጠመጠመ፣ እጄን እንደያዘ፣ የሰረቅኩት ይመስል አይኑን አይኑን እያየ ጠየቀው! ማን መሰለው? ዘጠኝ ዓመት ያሳደግኩትን፣ በሌሊት ፈረቃ ጫማ የገዛሁለትን፣ በበረዶ ቅዳሜ ትከሻዬ ላይ አድርጌ እዚያው ደጃፍ ድረስ ያመጣሁትን ልጅ! ልጁ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ «አባቴ ነው» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በአማርኛ፣ «አባዬ፣ ምን አጥፍተህ ነው?» አለኝ። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያላችሁ ከመሰላችሁ ጻፉልኝ። እኔ የለኝም።

ይቅርታ፤ «ጠየቀው» ያልኩትን «ጠየቁት» ብላችሁ አንብቡልኝ። አክብሮቴ እንደ ነበረው ነው።

ኃላፊው በመጨረሻ አመኑ። ወረቀቱን ኮፒ ለማድረግ ወደ ውስጥ ይዘው ገቡ፤ ሲመለሱ ባዶ እጃቸውን ነበሩ፣ ኋላ እንሰጥሃለን አሉ። ያቺ ትሑት ልጅ ደግሞ አባትነቴን መዝግባ ስታበቃ የልጆች ትኬት ማለቁን ነገረችኝ። የቀረው የአዋቂ ነው፣ 31 ፓውንድ። ልጁን አየሁት። ከፈልኩ።

ወረቀት እንዴት እንደሚታመን ለማወቅ ያህል ከዚያ ወዲህ ትንሽ አንብቤያለሁ፤ ዘመኑን በእናንተው አቆጣጠር እጽፈዋለሁ። ደርቢ ካውንቲ የተባለው ክለብ በ2018 ፕራይድ ፓርክ የተባለውን ሜዳውን ከ80 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሸጠ። ገዢው የራሱ የክለቡ ባለቤት ኩባንያ ነው። ሼፊልድ ዌንስዴይም ሜዳውን ሂልስቦሮን በ60 ሚሊዮን አካባቢ ለባለቤቱ ሸጠ። በዚያን ጊዜው የሊጉ ደንብ አንድ ክለብ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ39 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንዲከስር አይፈቀድለትም ነበር፤ ቤትን ለራስ ሸጦ ትርፍ ማስመዝገብ ኪሳራውን ይሸፍን ነበር። ኪሳራው ደግሞ ከየትም አይመጣም፤ ከደመወዝ ነው። በ2018-19 የሻምፒዮንሺፕ ክለቦች ባንድ ላይ ከገቢያቸው 107 በመቶ የሚሆነውን ለደመወዝ አወጡ። መቶ አግኝቶ መቶ ሰባት መክፈል ማለት ነው፣ መብራቱና ሣሩ ሳይቆጠር። ሁሉም ፕሪሚየር ሊግ ገብቼ እከፍለዋለሁ ይላል፤ በየዓመቱ የሚገቡት ሦስት ናቸው።

ሜይ 8 ቀን 2021 ደርቢና ዌንስዴይ በዚያው በተሸጠው ፕራይድ ፓርክ ላለመውረድ ተጋጠሙ። 3 ለ 3 ወጡ፤ ደርቢ ተረፈ፣ ዌንስዴይ ወረደ። ዌንስዴይ የሜዳውን ሽያጭ በማይገባው ዓመት ሒሳብ ውስጥ በማስገባቱ 6 ነጥብ ተቀንሶበት ነበር፤ ባይቀነስበት ይተርፍ ነበር። በኮሮና ምክንያት ሜዳው ውስጥ ደጋፊ አልነበረም። ያን ቀን ስንት ወላጅ ልጁን ይዞ ለመግባት ይመኝ እንደነበር አስባለሁ። ደርቢም ቢሆን በቀጣዩ ዓመት 21 ነጥብ ተቀነሰበት፤ 12ቱ ዕዳውን መክፈል አቅቶት በአስተዳዳሪ እጅ በመግባቱ፣ 9ኙ በሒሳብ አያያዙ። ሜዳ ላይ ያገኘው 55 ነጥብ ለመትረፍ ይበቃው ነበር፤ እሱ ግን 34 ይዞ ወረደ።

የደመወዝ ጣሪያ ይበጅ ተብሎም ነበር። በ2020 ኦገስት ከእኛ በታች ያሉት ሁለት ሊጎች ድምፅ ሰጡበት፦ ለሊግ ዋን በዓመት 2.5 ሚሊዮን፣ ለሊግ ቱ 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ። የተጫዋቾች ማኅበር ሳታማክሩን ነው የወሰናችሁት ብሎ ተከራከረ፣ በ2021 ፌብሩዋሪ ረታ፣ ጣሪያው ተነሣ። (በማኅበሩ ቅሬታ የለኝም። እኔም መጋዘን ውስጥ የማኅበር አባል ነኝ፤ ሳይጠይቁኝ ደመወዜ ላይ ጣሪያ ቢያበጁ እጮሃለሁ።) የእኛ ሊግ እዚያም አልደረሰም፤ ተወራበትና ቀረ። ጣሪያ የተበጀለት የ5 ፓውንዱ የልጆች ትኬት ብቻ ነው።

ይህ የፎቁ ሰዎች ጉዳይ እንጂ የእናንተ የመስኮቱ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን በጥር በውሰት ያመጣነው አጥቂ አራት ጨዋታ ተሰልፎ ጉልበቱን ታሞ ከመቀመጫ ላይ እጁን ሲያውለበልብልን የከረመው በእኛው ደመወዝ ነው። እሱን ሲያስፈርሙት ማን ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን «ይሄን ሰውዬ ታውቀዋለህ?» ብሎ ጠየቀ?

ቅዳሜ መጣ። የመጨረሻው ቀን ጨዋታ ሁሉ እኩል ይጀመራል፤ የእኛም በእኔ ሰዓት አቆጣጠር ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። በጊዜ ደረስን። እኔ ገባሁ። ልጄ ትኬቱን ማሽኑ ላይ ሲያስነካው አረንጓዴ ሳይሆን ቢጫ በራ፣ አስተናባሪው መጣ። ትኬቱን አየ፣ ልጁን አየ።

«ይሄ የአዋቂ ትኬት ነው» አለ። «ይሄ ደግሞ ልጅ ነው።»

ልክ ነው፤ ልጅ መሆኑን ከእናንተ ክፍል ውስጥ የተጠራጠረ ሰው አልነበረም፣ የማን መሆኑ ነበር ያስቸገረው። እኔ ከብረቱ በር ወዲያ፣ ልጄ ወዲህ፣ በመካከላችን የሚሽከረከረው ብረት። አስተናባሪው በሬዲዮ ለሌላ ሰው ጠየቀ፣ ያም ሌላ ሰው ጠየቀ። በዚህ መካከል ከውስጥ ያ ጩኸት መጣ፤ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ እግሬ ሥር ተሰማኝ። ልጄ በብረቱ መካከል «አገባን?» አለኝ። አገባን። በሰባተኛው ደቂቃ ነው። እኛ የገባነው በአሥራ ዘጠነኛው ነው። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ የተቆጠረብንን ግን ከመነሻው እስከ መረቡ በደንብ አየነው፤ ልጄ ቆሞ ነበር ያየው። 1 ለ 1። በግብ ክፍያ ወረድን።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ልጄ በአዋቂ ትኬት ስለተመዘገበ በእናንተ መዝገብ አዋቂ ሆኗል። ከሦስት ሳምንት ወዲህ በስሙ ደብዳቤ ይመጣል፤ የዓመት ትኬት ግዛ፣ ለቀጣዩ ዓመት ዋጋ አልጨመርንም፣ ከጨዋታ በፊት ቢራ የሚጠጣበት ልዩ አዳራሽ አለን ይላል። «አቶ» ብላችሁ ቀጥሎ የምትጽፉት ሁለተኛ ስሙን ነው፤ ሁለተኛ ስሙ ደግሞ የእኔ የመጀመሪያ ስም ነው። ስለዚህ ፖስታ በመጣ ቁጥር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠን የማናችን እንደሆነ እንከራከራለን። እስካሁን ቢራ ያለበትን እኔ ወስጃለሁ።

የምጠይቀው ኮፒ ሊደረግ የገባውን ረጅሙን የልደት ወረቀት ነው። ኦሪጅናሉ እዚያው ቀርቷል፤ ሁለት ጊዜ ደወልኩ፣ «እናጣራለን» ተባልኩ። ሴፕቴምበር ላይ ለትምህርት ቤት ያስፈልገዋል። አድራሻውን አታጡትም፣ ቢራውን የምትልኩበት ነው።

ከከፍተኛ አክብሮት ጋር፣
አመልካች፦ ያ ሰውዬ

ግልባጭ፦
ለልጄ፣ በእናንተ መዝገብ ለአካለ መጠን ለደረሰው