ኦርኪድ በጸደይ እንዳያብብ ማድረግ ለሚፈልጉ

በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች ኦርኪድን በቤታቸው የሚያሳድጉ ሰዎች መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ያበበላቸውን ይዘው ይሰባሰባሉ። አንዱ የሌላውን አበባ ያያል፣ ስሙን ይጠይቃል፣ ችግኝ ይለዋወጣል። እርስዎ ባዶ እጅዎን መሄድ ከፈለጉ ሥራውን በጥቅምት ይጀምሩ። ጸደይ ከገባ በኋላ ማበላሸት የሚቻለው ጥቂት ነው።

በየሱፐርማርኬቱ የሚሸጠው፣ አበባው የቢራቢሮ ክንፍ የሚመስለው ኦርኪድ ፋላኖፕሲስ ይባላል። የአበባ ዘንግ የሚያወጣው ለጥቂት ሳምንታት ቀዝቀዝ ያለ አየር ሲያገኝ ነው። ስለዚህ ማሞቂያው አጠገብ ያስቀምጡትና ሙቀቱ ሌት ተቀን ከ28 ዲግሪ እንዳይወርድ ያድርጉ። ቅጠል ያወጣል እንጂ ዘንግ አያወጣም። አዲስ አበባ ላላችሁ መንገዱ ተቃራኒ ነው፦ ከ15 ዲግሪ በታች የሚቸገር ተክል ነውና በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከመስኮቱ መስታወት ጋር አስጠግታችሁ አሳድሩት።

ብርሃንም ይንፈጉት። ሳሎን ጥግ ሲቀመጥ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ይሆናል፤ እንግዳ ሁሉ ያደንቀዋል። ያ ቀለም ግን የብርሃን ረሃብ ነው። ብርሃን የጠገበ ቅጠል ፈካ ያለ ነው።

ውኃ ላይ ሰፋ አድርጌ ልምከር፤ የቤት ኦርኪድ በብዛት የሚሞተው በውኃ ነው። ፋላኖፕሲስ በተፈጥሮው በእስያ ደኖች ዛፍ ላይ ተጣብቆ ይኖራል። ሥሩ ዝናብ ይጠጣል፣ ወዲያው ነፋስ ያደርቀዋል። እርስዎ ግን የተተከለበትን የዛፍ ቅርፊት አውጥተው ጥቁር አፈር ይሙሉበት። በየቀኑ ያጠጡት፤ ከታች ያለው ሳህንም ውኃ አይጉደልበት። ማታ ቅጠሎቹ የሚገናኙበት መሃል ላይ ያፍስሱ፤ እዚያ ያደረ ውኃ እምብርቱን ያበሰብሰዋል። ውስጡ የሚታየውን የፕላስቲክ መትከያም ይጣሉት፣ ሥሩን ያሳያልና። ጤነኛ ሥር ሲደርቅ ብርማ ግራጫ ነው፤ ውኃ ሲነካው ዓይንዎ እያየ አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ውኃ እንደማይፈልግ ያወቀ ሰው ተክሉን በውኃ አይገድልም።

የበሰበሰ ሥር ቡናማ ነው። በሁለት ጣት ይዘው ሲስቡት ሽፋኑ ሾልኮ ይወጣና ቀጭን ክር ብቻ ይቀራል። ሥሩ ያለቀ ተክል መጠጣት ስለማይችል ቅጠሉ ይልፈሰፈሳል። ያኔ «ውኃ ጠማው» ብለው ይጨምሩለት። ብዙ ደግ ሰው ተክሉን የጨረሰው በዚህች የመጨረሻ ውኃ ነው፤ ቀድሞ የነገረው ሰው ባለመኖሩ አዝናለሁ።

ይህን ሁሉ አልፎ እንቡጥ ከያዘ የበሰለ ሙዝ አጠገቡ ያስቀምጡ። የሚበስል ፍሬ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ እንቡጡ ሳይፈታ ይጠወልግና ይረግፋል። በጭስ ውስጥም ያው ጋዝ ስላለ ረከቦቱን ከሥሩ ዘርግተው ከሰሉንና ዕጣኑን እዚያው ያጭሱ። የወራት ድካም በጥቂት ቀን ወለል ላይ ይወርዳል።

አብቦ ካመለጠዎት ደግሞ ሲያካፍሉ ያጥፉት። ችግኙን ባልጸዳ መቀስ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው እያለፉ ይቁረጡ። የሲምቢዲየም ሞዛይክ ቫይረስ በስለት ይተላለፋል፤ መድኃኒትም የለውም። ለወዳጅ የሰጡት ስጦታ ወዳጅዎ ቤት ያለውን ሁሉ ይበክላል። የስሙንም ምልክት ነቅለው ይጣሉ። አዳቃዮች ዓመታት የደከሙበት ዝርያ «ሐምራዊው» ተብሎ ይቀራል፤ ማን ከምን ጋር እንዳዳቀለው መልሶ ማወቅ አይቻልም።

ከሁሉ የከፋው ጥፋት ግን ጫካ ውስጥ ነው። ኢትዮጵያ የራሷ ኦርኪዶች አሏት። ከነዚህ አንዱ ኤራንጊስ ብራኪካርፓ ነው፤ ዛፍ ላይ ያድጋል፣ ነጭ አበባው ሲመሽ ይሸታል፣ የሌሊት የእሳት ራቶችን ይጠራል። ከቅርንጫፉ ገሽልጠው ያምጡት። ቅርፊቱን የጨበጠው ሥር ይበጣጠስና እቤት ገብቶ ቀስ በቀስ ይሞታል። ሻንጣ ውስጥ ከተው ወደ ውጭ አገር ከወሰዱት ደግሞ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ይጠየቃሉ፤ ስምምነቱ መላውን የኦርኪድ ቤተሰብ ይጠብቃል። የኦርኪድ ዘር በጣም ደቃቅ ነው፤ ስንቅ ስለሌለው በተፈጥሮ የሚበቅለው ፈንገስ ሲረዳው ብቻ ነው። በ1922 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሉዊስ ኑድሰን ዘሩን ያለ ፈንገስ፣ ስኳር በተጨመረበት አጋር ላይ ማብቀል እንደሚቻል አሳየ። ከዚያ ወዲህ ችግኝ ጣቢያዎች ኦርኪድን በብዛት ከዘር ያሳድጋሉ። ደን የሚነካ ሰው «ሌላ መንገድ አጣሁ» ማለት አይችልም።