የበረካው ጦስ

ብልባላ ውስጥ «ሌላ የምትወስደው ነገር አለ?» ተብሎ የተጠየቀ ታማሚ ቡናን አይቆጥርም። አረቄውን አንገቱን ደፍቶ ይናዘዛል፤ የባህል መድኃኒቱን እያድበሰበሰም ቢሆን ያነሳል፤ ጠበሉንማ ሳይጠየቅ ይናገራል። ቡና ግን መጠጥም መድኃኒትም ሆኖ አያውቅም፤ ቡና ነው። ጠያቂው ባለሙያም ቢሆን ገና ጠዋት ሁለት ስኒ ጠጥቶ ስለሚመጣ ጉዳዩን ማንሳት አይቃጣውም።

የእኔ ነገር የመጣው ከእግር ጥፍር ነው። ክረምቱን ሙሉ ኮንጎ ጫማ ውስጥ ሲቀቀል የከረመ አውራ ጣት ቢጫ ሆነ፣ ወፈረ፣ ከዚያም ካልሲ መቅደድ ጀመረ። በእኛ አገር ለቆዳ ነገር መጀመሪያ የሚታሰበው ፋርማሲ አይደለም። የብልባላ ጊዮርጊስ ንቦች ማር ለቆዳም ለአእምሮም ሕመም ይበጃል ተብሎ ይታመናል፤ እኔም ማሩን አልነካም፣ እናቴ ትሰማኛለች። ጥፍር ሥር ለተደበቀ ፈንገስ ግን የሚቀባ ነገር እምብዛም አይደርስበትምና ተርቢናፊን ታዘዘልኝ፦ 250 ሚሊግራም፣ በቀን አንድ፣ ለ12 ሳምንት። 12 ሳምንት 84 ቀን ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀኑን ይዞ እዚህ ውስጥ ገብቶ ይተኛል፣ ቦታም ይተርፈዋል።

ካርቶኑ ውስጥ የተጣጠፈችውን ወረቀት ቡና እየተቆላ ሳነብ ነው ነገሩ የፈነዳው። ተርቢናፊን የካፌይንን ከሰውነት መውጣት 19 በመቶ ያህል ያዘገያል። ፍሉኮናዞል የሚባለው ወንድሙ ደግሞ ይብሳል፤ ወደ አንድ አራተኛ ይጠጋል። ካፌይንን የሚያጣራው የጉበት ኢንዛይም ነው፤ ኪኒኑ ሲመጣ ግን ኢንዛይሙ በሌላ ሰው ፋይል እንደተያዘ የቀበሌ ጸሐፊ ይሆናል፤ ቡናው ወረፋ ይዞ ደም ውስጥ ይቆማል።

ጎረቤታችን እትዬ መቁሊያውን ሳያስቀምጡ መፍትሔ ሰጡ።

«እንዲያ ከሆነ ኪኒንህን ጠዋት ዋጥ፣ ቡናህን ከሰዓት ጠጣ። ሆድህ ውስጥ አይገናኙ።»

«እትዬ፣ ጸቡ ሆድ ውስጥ አይደለም፤ ጉበት ላይ ነው። ፍሉኮናዞል ከተዋጠ ከ30 ሰዓት በኋላ እንኳ ግማሹ ሰውነት ውስጥ አለ።»

«30 ሰዓት? የማን እንግዳ ነው እንዲህ የሚቀመጠው!»

እንግዳ ሲያሰኝስ ያሰኛል። የጤነኛ አዋቂ ሰውነት ከጠጣው ካፌይን ግማሹን ለማስወገድ 5 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። አሁን በጾም ቀን አስቡት። እህል ውኃ የሚቀመሰው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነውና ጀበናዋም ያኔ ትጣዳለች፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሲያበቃ 11 ሰዓት ይሆናል። ኪኒን ያልዋጠ ሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ግማሹን ጨርሶ ያዛጋል። ፍሉኮናዞል የዋጠው ግን እዚያው ለመድረስ እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት እስኪቀረው ይጠብቃል። አንድ ሰዓት ተኩል ብዙ አይደለም ትሉ ይሆናል፤ ጣሪያ እያያችሁ የጎረቤት ውሻ ስትቆጥሩ ግን ብዙ ነው። ለአንድ ስኒ ጠጪ ይህ ሁሉ ወሬ ነው፤ አይሰማውም። እኛ ቤት ግን በአንድ ስኒ የሚነሳ ሰው የተጣላ ሰው ነው።

ከሁሉ የከፋው የወረቀቷ ታችኛው መስመር ነው፤ ተርቢናፊን አንዳንድ ሰው ላይ ጣዕም ያጠፋል፣ ሲብስም ለወራት። እትዬ ይህን ሲሰሙ መቁሊያውን አስቀመጡ። እንቅልፍ ማጣትን ችለውት ነበር፤ አቦልን እንደ ሙቅ ውኃ መጠጣት ግን ከመድኃኒት ተራ አስወጣው። «እንዲህማ ከሆነ ጥፍርህ ይቅር» አሉ። አልቀረም፤ ጣዕሜም አልጠፋም፤ ዕድለኛ ነኝ።

ለፍትሕ ያህል ሁሉም የፈንገስ ኪኒን የቡና ባላጋራ አይደለም። ለልጆች ቆረቆር የሚታዘዘው የቆየው ግሪሲዮፉልቪን ጸቡ በተለይ ከጠላና ከአረቄ ጋር ነው፤ ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ፊት ያቀላል፣ ልብ ያስሮጣል። እሱ ደግሞ ቅባት ካለበት ምግብ ጋር ካልተወሰደ ወደ ደም በደንብ አይገባም። በጾም ቅቤ የለም ብሎ ልጁን በባዶ ሆዱ የሚያስውጥ እንዳይኖር፤ የሱፍም የኑግም ዘይት ቅባት ነው።

አንዲት ብልሃት አግኝቻለሁ፣ ሐኪም ይቀበላታል፣ መንደር አይቀበላትም፦ አርፍዶ መምጣት። ካፌይኑ የበዛው አቦል ላይ ነው፤ በረካ በሦስተኛ ውኃ የታጠበች ቀጭን ናት። ስለዚህ አቦልን ዘሎ በረካን የሚጠጣ ሰው እንቅልፉንም ምርቃቱንም ያገኛል። ስሙን ብቻ ያጣል፤ «ቡናው ካለቀ የሚመጣ» ይባላል፣ ተብዬአለሁ። ቡናን በአንድ ጊዜ መቁረጥ ግን አልመክርም፤ ሐራራው ራስ ያፈነዳል፣ ከዚያ ለራስ ምታቱ ሌላ ኪኒን ይጨመራል፣ ወረቀቱም ይረዝማል።

ቀልዱ የሚቆምበት ቦታም አለ። ፍሉኮናዞል በራሱ የልብ ምት ሊያዛባ ይችላል፤ ልቡ የዘለለበት ሰው ቡናውን ወቅሶ ዝም አይበል፣ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ሽንቱ የጠቆረም እንዲሁ፤ እነዚህ ኪኒኖች ጉበት ሊጎዱ ይችላሉ። ኬቶኮናዞል የሚባለው የሚዋጥ ኪኒን በዚሁ ምክንያት በ2013 እ.ኤ.አ. አውሮፓ ውስጥ ለፈንገስ እንዳይሰጥ ታግዷል፣ አሜሪካም አጠቃቀሙን ክፉኛ ገድባለች።

እናንተም ማዘዣ ይዛችሁ መስኮቱ ፊት ስትቆሙ፣ ባትጠየቁም፣ በቀን ስንት ስኒ እንደምትጠጡ ተናገሩ። አቦሉን ለብቻው ቁጠሩት፤ ጎረቤት ቤት የጠጣችሁትንም አትደብቁ።